የፎቶው ጀርባ

ነገሩ የጀመረው በቀለም ጭቅጭቅ ነው። ፒያሳ አካባቢ ለረጅም ዓመታት ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን። ሥራቸውን በድረ ገጽ እናሳይላቸው ብለን ተነሳን። ግማሾቻችን የገጹ መደብ ጥቁር ይሁን፣ ግማሾቻችን ደግሞ ነጭ ይሁን እያልን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተከራከርን። ጋሼ ቡናቸውን ፉት እያሉ ሰሙንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

«ለመሆኑ ስሟን የት ነው የምትጽፉት?»

በእጃቸው የያዙት ጠጉሯን አፍሮ ያደረገች የአንዲት ወጣት ጉርድ ፎቶ ነበር። እኛ ደግሞ ለስም የሚሆን ቦታ ጭራሽ አልተውንም። አፍረን ዝም አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ቀለም መምረጥ መሆኑ ቀርቶ ታሪክ ማገላበጥ ሆነ።

በዚህ ጉዳይ ያገኘነው የመጀመሪያ ትምህርት ከመቅደላ የሚነሳ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ልጃቸውን ደጃዝማች ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እንግሊዛዊት ፎቶ አንሺ በዋይት ደሴት ላይ አነሳችው። ይህች ሴት አንድ ጥሩ ልማድ ነበራት። ፎቶው በተለጠፈበት ካርቶን ላይ የተነሺውን ስም በገዛ እጇ ትጽፍ ነበር። የዓለማየሁንም ጻፈች። ዛሬ በሙዚየሞች ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፈን ፊቱን የምናገኘው በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ባትጽፈው ኖሮ «አንድ ሐበሻ ልጅ» ተብሎ መቅረቱ አይደል?

አገራችን ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ለቤተ መንግሥት ፎቶ አንስተዋል። ሽመልስ ደስታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 መጀመሪያ ለንጉሡ፣ ቀጥሎም ለደርግ አነሳ፤ ከዚያ ወደ ለንደን ተሰደደ። ሥራዎቹ እዚያው ለንደን በ2007 ለሕዝብ ታዩ። የንጉሥ ፎቶ ግን ብዙም ስም አያስፈልገውም፤ ፊቱን ሁሉም ያውቀዋል። ለመታወቂያ፣ ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለማስታወሻ ብሎ ወደ ፎቶ ቤት የገባውን ሰውዬ ማን ያውቀዋል? የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ ፖስታው ላይ የተጫረው ጽሑፍና የፎቶ አንሺው ጭንቅላት። ፖስታው በውኃ ይበላሻል። ጭንቅላቱም ያረጃል።

«ታዲያ ዘንድሮ ኢንተርኔት አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። ግን የኢንተርኔትም ታሪክ ልብ የሚያሳርፍ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፎቶ አንሺ ሁሉ ድረ ገጹን በፍላሽ ያሠራ ነበር። ሙዚቃ አለው፣ ፎቶው እየተንሸራተተ ይመጣል፣ ያምራል። አዶቤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31፣ 2020 ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ፤ ከጥር 12፣ 2021 ጀምሮ ደግሞ በፍላሽ የተሠራ ነገር ጭራሹኑ እንዳይከፈት አገደው። በአንድ ጀንበር ስንት የፎቶ ገጽ ባዶ ሳጥን ሆነ! በካርቶን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የኖረው የጋሼ ኔጋቲቭ ግን ዛሬም ወደ ብርሃን ሲያወጡት ይታያል። ጎበዝ፣ ይሄ አያስቅም?

የእኛ ፊደልም የራሱ ጣጣ ነበረበት። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ በየፎንቱ ነበር የሚጻፈው። ፎንቱ ከሌለህ ገጹ እንቆቅልሽ ይሆንብሃል። አንዳንዱም ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ ይለጥፈው ነበር። ለዓይን ይታያል እንጂ ተፈልጎ አይገኝም። ዛሬ ያ ተቃሏል፤ ግን «ኃይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈው ላይመጣላችሁ ይችላል። ስለዚህ ስሙን ፖስታው ላይ እንደተገኘ እንጽፋለን፤ ሌሎቹን አጻጻፎች ደግሞ ለፍለጋ እንዲመቹ ከሥር እናስገባለን።

ከሁሉ የገረመን ግን የቀን ነገር ነው። ከጋሼ ፎቶዎች አንዱ ባዶ የፒያሳ መንገድ ያሳያል። ጀርባው ላይ «11/6/66» ይላል። ፕሮግራማችን ይህን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦ 1966 ውስጥ ወሸቀው። አይተን አለፍነው፤ ባዶ መንገድ ምኑ ይታያል? አንዳችን በኋላ ቆጥራ ደረሰችበት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ማለት እኮ እ.ኤ.አ. የካቲት 18፣ 1974 ነው! የአዲስ አበባ ታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር፣ መምህራንም በትምህርት ፖሊሲው የተነሳ ሥራ ያቆሙበት ቀን፣ የአብዮቱ ዋዜማ! መንገዱ ባዶ የሆነው ታክሲ ስለሌለ ነው። በስምንት ዓመት ስሕተት አብዮቱን ከመንገዱ ላይ ልናጠፋው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤቶች ከፈረሱ በኋላማ የመንገዱም ፎቶ ራሱ ምስክር ሆኗል። አሁን እያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ቀን አለው፤ አንዱ ጀርባው ላይ እንደተጻፈው፣ ሌላው የተሰላው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ጋሼ አንድ ለብቻው የተቀመጠ ካርቶን አላቸው። ቀብድ ተከፍሎባቸው ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ፎቶዎች ናቸው። ብዙዎቹ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ናቸው። እነዚያ ዓመታት ምን እንደነበሩ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ልጅቷም ከዚያ ካርቶን ናት። በቀይ ሽብር ሞታ ይሁን፣ አገር ጥላ ሄዳ ይሁን፣ ወይ ዝም ብላ ረስታው ይሁን፣ ጋሼ አያውቁም። የሚያውቁት ስሟን ነው። የአባቷ ስም ፖስታው ላይ በውኃ ጠፍቷል።

እዚህ ላይ እንደገና ተከራከርን፤ በዚህኛው ክርክር ግን አናፍርም። ግማሾቻችን «እንለጥፈው፣ ወንድም እህት ካላት ያገኛታል» አልን። ግማሾቻችን «ለራሷ ብላ የተነሳችውን ፎቶ ለዓለም ሁሉ የመበተን መብት ማን ሰጠን?» አልን። ጋሼን ጠየቅናቸው። «አደራ ነው» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ስለዚህ የካርቶኑን ፎቶዎች አልለጠፍናቸውም። ገጹ ላይ የወጣው የፖስታው ቁጥር፣ ቀኑና የተረፈው ስም ብቻ ነው። ይህ የእኔ ሰው ነው የሚል ቤተሰብ ሲመጣ ፊቱን እናሳየዋለን፤ ይውጣ አይውጣ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። የቀረው ነገር ቀላል ነው። ፍላሽ የለም፣ ሙዚቃ የለም። እያንዳንዱ ፎቶ የራሱ ገጽና አድራሻ አለው፣ ስሙ ከፎቶው በላይ ይጻፋል፣ ዋናው ቅጂ በሁለት ዲስክ በሁለት ሰው ቤት ይቀመጣል። መደቡ ነጭ ሆነ። ማንም አልተከራከረም።

አሁን በየቅዳሜው ጋሼ ቤት እየሄድን አንድ አንድ ፎቶ እያነሳን «ይሄ ማነው?» እንላለን። አንዳንዱን ወዲያው ይነግሩናል። አንዳንዱን ያዩታል፣ ያዩታል፣ «ምላሴ ላይ ነበር» ይሉና ያስቀምጡታል። ከሁለት ወር በፊት የነገሩንን ስም ባለፈው ሳምንት አጡት። የእኛ እሽቅድምድም ከዚህ ጋር ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የቤታችሁን አልበም አውርዱ። ፎቶውን ገልብጡት። ጀርባው ባዶ ከሆነ እናታችሁን ጠይቁና በእርሳስ ጻፉበት።