አይሮፕላን የመመልከት ልማድና የአይሮፕላን ጣቢያ ጥበቃ፤ ታሪካዊ ሐተታ

በአውሮጳ በታላላቅ የአይሮፕላን ጣቢያዎች አጥር አጠገብ፣ ብርዱና ዝናቡ ሳይበግራቸው፣ የሩቅ ማያ መነጽር በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ እርሳስና ደብተር ይዘው ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ሰዎች አሉ። መንገደኞች አይደሉም፤ ሸኚዎችም አይደሉም። የሚያርፈውንና የሚነሣውን አይሮፕላን ዓይነቱን ይለያሉ፤ በገላው ላይ የተጻፈውን የምዝገባ ምልክት ይጽፋሉ፤ ፎቶግራፉን ያነሣሉ፤ ሲመሽም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እንግሊዞች ለእነዚህ ሰዎች የታወቀ ስም አላቸው። በእኛ ቋንቋ ግን ለልማዱ የተለየ ስም ስለ ሌለ፣ በዚህ ጽሑፍ «አይሮፕላን ቆጣሪዎች» ብለን እንጠራቸዋለን። የምንጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ዳሩ ግን በ2001 ዓ.ም. አሥራ አራት ሰዎች በዚሁ ጨዋታ ምክንያት በስለላ ተከሰው ወኅኒ ቤት ገብተዋል። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ በአደባባይ የሚታየውን ነገር ማየትና መጻፍ እንዴት ወንጀል ሊመስል ቻለ? ለሕዝብ የተዘጋጀ የመመልከቻ ስፍራስ ጥበቃን ያደክማልን ወይስ ያግዛል?

የልማዱን ምንጭ የፈለገ ሰው የሚያገኘው በጦርነት ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው፣ ዜጎቹን ወደ ሰማይ እንዲመለከቱና ያዩትን እንዲያስታውቁ አጥብቆ የለመነው መንግሥት ራሱ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር የተመልካቾች ጓድ የተቋቋመው በ1925 ነበር። በ1940 በጋ የጀርመን አይሮፕላኖች ሲጎርፉ የራዳሩ ዓይን የዞረው ወደ ባሕር ነበር፤ ጠላት የባሕሩን ጠረፍ አልፎ ወደ የብስ ከገባ በኋላ ግን አካሄዱን በዓይናቸውና በጆሯቸው የሚከታተሉት እነዚሁ ተመልካቾች ነበሩ። ገበሬው፣ ባለሱቁ፣ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ተራ እየገቡ በኮረብታና በጣራ ላይ ይቆማሉ፤ ያዩትን ዓይነት፣ ብዛትና ከፍታ ወዲያው በስልክ ያስተላልፋሉ። በጦርነቱ ጊዜ ከ1,000 በላይ የመመልከቻ ጣቢያዎችና ወደ 30,000 የሚጠጉ ተመልካቾች ነበሩ። ላደረጉትም አገልግሎት በኤፕሪል 1941 ጓዱ «ንጉሣዊ» ተብሎ እንዲጠራ ተፈቀደለት።

አይሮፕላንን በመልኩ ለይቶ ማወቅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደ ነበረ አንድ አስረጅ ይበቃል። ጦርነቱ በታወጀ በሦስተኛው ቀን፣ በሴፕቴምበር 6 ቀን 1939፣ የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላኖች የገዛ ወገኖቻቸውን ሁለት አይሮፕላኖች የጠላት መስለዋቸው መትተው ጣሉ፤ ከአብራሪዎቹም አንዱ ሞተ። ከዚህ በኋላ የአይሮፕላንን ቅርጽ ከነክንፉና ከነጭራው ማጥናት እንደ ፊደል ቆጠራ ተቆጠረ። በፋብሪካዎችም በኩል ሌላ ችግር ነበር። የአደጋ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ሠራተኛው ሁሉ ወደ ዋሻ ስለሚሮጥ ሥራው ይቋረጥ ነበር፤ ስለዚህ በጣራ ላይ ቆሞ አደጋው በእርግጥ ሲቃረብ ብቻ የሚያስታውቅ ሰው ተመደበ። በጃንዩዌሪ 1941 «ዘ ኤሮፕሌን ስፖተር» የተባለ ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ እስከ 1948ም ቆየ። በ1944 የሕብረቱ ጦር ኖርማንዲ ላይ ሲወርድ፣ መርከበኞቹ የወገንን አይሮፕላን እንዳይመቱ ከእነዚሁ ተመልካቾች ወደ 800 የሚሆኑት በመርከቦቹ ላይ ተሳፍረው ነበር። ሰላም ሲወርድ ጦርነቱ ያስተማረው ዓይን አልተዘጋም፤ የአባቱን መነጽር የወረሰው ልጅ ወደ አይሮፕላን ጣቢያው አጥር ሄደ።

በዚያ ዘመን አይሮፕላን ጣቢያዎች ተመልካችን የሚጋብዙ ስፍራዎች ነበሩ። ሊንድበርግ አትላንቲክን አቋርጦ በሜይ 21 ቀን 1927 ፓሪስ አጠገብ ለቡርዤ ሲያርፍ ከ100,000 በላይ ሕዝብ እንደ ጠበቀው የታወቀ ነው። ለንደን ሂትሮው ላይ በዲሴምበር 1955 ንግሥት ኤልሳቤጥ መርቀው የከፈቱት የንግሥቲቱ ሕንፃ በጣራው ላይ የተመልካቾች የአትክልት ቦታ ነበረው። በ1961 የተከፈተው የፓሪሱ ኦርሊ ደቡብ ተርሚናል ደግሞ በሰገነቶቹ ስም ያተረፈ ነበር፤ የፓሪስ ቤተ ሰብ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ አይሮፕላን ለማየት ይሄድ ነበር። በርሊን ቴምፕልሆፍ በ1948 የሆነውም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከተማይቱ ተከብባ ምግቧ በአየር በሚመጣበት ጊዜ፣ ጌይል ሃልቨርሰን የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በአጥሩ ሥር ቆመው ከሚመለከቱ ልጆች ጋር ተነጋገረ፤ ከዚያም ወዲህ በትንንሽ ጃንጥላ ከረሜላ ይጥልላቸው ጀመር። አጥሩ ባይኖር ልጆቹ ባልቆሙ፤ ማየት ክልክል ቢሆንም ወሬው ባልተሰማ ነበር።

ይህ ሁሉ የተለወጠው በአይሮፕላን ጠለፋ ምክንያት ነው። ከ1968 እስከ 1972 ጠለፋ እጅግ በዛ፤ አሜሪካም ከጃንዩዌሪ 1973 አንሥቶ መንገደኛው ሁሉ እንዲፈተሽ አዘዘች። ነገሩ ከእኛም ሩቅ አልነበረም። በዲሴምበር 8 ቀን 1972 ዋለልኝ መኰንንና ማርታ መብራህቱ ያሉበት የተማሪዎች ቡድን ከአዲስ አበባ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር፣ አብዛኞቹ በአይሮፕላኑ ውስጥ በነበሩት ጠባቂዎች ተገድለዋል። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ታሪክ ሰፊ ነው፤ እዚህ ያነሣነው የጥበቃው ጥብቅነት ያለ ምክንያት እንዳልመጣ ለማሳየት ብቻ ነው።

የመመልከቻ ሰገነትን የሚቃወሙ ሰዎች ያላቸው ብርቱ ማስረጃ ግን ኦርሊ ነው፤ እኛም ልንሸሽገው አይገባንም። በጃንዩዌሪ 13 ቀን 1975 አሸባሪዎች የእስራኤልን አይሮፕላን በሮኬት ሊመቱ ተኩሰው ሳቱትና በአጠገቡ የቆመውን የዩጎዝላቪያ አይሮፕላን መቱ። በስድስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ የመጡት ወደ ተመልካቾቹ ሰገነት ነበር። ፖሊስ ሲደርስባቸው ተኩስ ተነሣ፤ ብዙ ሰዎች ቆሰሉ፤ ጥቃት አድራሾቹም ሰዎችን በመያዣነት ይዘው በመጨረሻ ወደ ባግዳድ በረሩ። የእሑድ መዝናኛ የነበረው ስፍራ የጦር ሜዳ ሆነ። ከዚህ በኋላ «ሰገነቱ ይዘጋ» ያለውን ሹም ማን ሊወቅሰው ይችላል?

ሆኖም ከአንድ ሰገነት አደጋ ተነሥቶ የሚያይ ሁሉ ጠላት ነው ወደሚል አሳብ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ካላማታ የሆነው ይህ ነው።

ካላማታ በግሪክ አገር በደቡብ የምትገኝ ከተማ ናት። በኖቬምበር 8 ቀን 2001 በዚያ ባለው የአየር ኃይል ሰፈር ለሕዝብ ክፍት የሆነ በዓል ነበረ፤ ለጉብኝት ከመጡት መካከል አሥራ ሁለት እንግሊዛውያንና ሁለት ሆላንዳውያን ተያዙ። ደብተራቸው ሲገለጥ የአይሮፕላን ቁጥሮች ሞልተውበት ተገኘ። ጊዜውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን የደረሰው ጥፋት ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ግሪክም ከጎረቤቷ ከቱርክ ጋር በ1996 በኤጌ ባሕር ደሴቶች ምክንያት ወደ ጦርነት ተቃርባ ነበርና የጦር አይሮፕላኖቿን ቁጥር በባዕድ እጅ ተጽፎ ስታይ መደንገጧ አያስገርምም። ተከሳሾቹ ጨዋታችን ነው ብለው ቢያስረዱም፣ በእረፍቱ ቀን ገንዘቡን ከፍሎ በባዕድ አገር አጥር ሥር ቁጥር የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ዳኞቹን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ዮሴፍ ወንድሞቹን ሰላዮች ናችሁ ባላቸው ጊዜ እህል ፈልገን ነው የመጣነው ማለታቸው ቢያንስ የሚገባ ምክንያት ነበር፤ እነዚህ ግን እህልም አልፈለጉም።

ከአንድ ወር በላይ ታስረው በዲሴምበር በዋስ ተለቀቁ። በኤፕሪል 2002 ፍርድ ቤቱ ስምንቱን በስለላ ጥፋተኞች ናቸው ብሎ ሦስት ሦስት ዓመት፣ ስድስቱንም በተባባሪነት አንድ አንድ ዓመት ፈረደባቸው። ይግባኝ ብለው በኖቬምበር 2002 በነፃ ተለቀቁ። መጀመሪያ ከተያዙበት ቀን እስከ ነፃ ፍርዱ አንድ ዓመት ያህል አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከደብተሩ ቁጥር በቀር ለጠላት የተላለፈ ምሥጢር አልተገኘም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ፤ የክርክሩ ሥር ያለው በዚያ ነውና። የሲቪል አይሮፕላን ምልክት ምሥጢር አይደለም። በ1944 በቺካጎ የተደረገው የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአገሮች መካከል የሚበር ማንኛውም አይሮፕላን የዜግነቱንና የምዝገባውን ምልክት እንዲሸከም ያስገድዳል፤ ኢትዮጵያም በዚያ ጉባኤ ተካፋይ ነበረች። በአየር መንገዳችን አይሮፕላኖች ገላ ላይ «ኢቲ» ተብሎ የሚነበበው ምልክት የዚሁ ሕግ ፍሬ ነው። እንግዲህ ሕግ እንዲነበብ ብሎ ያስጻፈውን ያነበበ ሰው ምን አጠፋ? የጦር አይሮፕላን ጉዳይ የተለየ መሆኑን እናምናለን፤ ነገር ግን ለሕዝብ በዓል በሩን የከፈተ ሰፈር የገባው ሰው እንዳያይ ሊከለክል አይችልም። ዛሬማ በ2006 በስዊድን አገር የተጀመረውን ፍላይትራዳር24ን የመሰለ መሣሪያ በስልኩ የያዘ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የመንገደኛ አይሮፕላኑን ምልክትና መንገድ ያያል። አጥሩን ከፍ በማድረግ የሚሸሸገው ነገር ጥቂት ነው።

አደጋው የሚመጣበትንም ስፍራ መመርመር ይገባል። በማርች 1994 የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር በሂትሮው ላይ ሦስት ጊዜ የሞርታር ጥይት ወረወረ፤ አንዱም አልፈነዳም። የመጀመሪያው የተተኮሰው በሆቴል ግቢ ከቆመ መኪና ነበር። በኖቬምበር 2002 ሞምባሳ ላይ በእስራኤል አይሮፕላን ላይ የተተኮሱት ሁለት ሚሳይሎችም የመጡት ከአጥሩ ውጭ ነው። በሁለቱም ስፍራ ተኳሹን ያገለገለው የተመልካች መብዛት ሳይሆን የተመልካች መጥፋት ነው። በየሳምንቱ አንድ ስፍራ ላይ የሚቆም ቆጣሪ የጠባቂውን ፊት፣ የመኪናውን ዓይነትና የአካባቢውን ልማድ ያውቃል፤ እንግዳ ነገር ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚያየው እርሱ ነው። በአሜሪካ በቺካጎ ኦሔር እንዲህ ያሉ ሰዎች ተመዝግበው ያዩትን ለፖሊስ እንዲያስታውቁ ተደርጓል። የ1940ው አሳብ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው።

የቆጣሪዎች ደብተር ከጨዋታነት አልፎ ለፍትሕ ያገለገለበትም ጊዜ አለ። ካሊድ ኤል ማስሪ የተባለ የጀርመን ዜጋ በ2003 መጨረሻ በመቄዶንያ ተይዞ፣ በጃንዩዌሪ 2004 በአሜሪካ የስለላ ድርጅት ወደ አፍጋኒስታን በምሥጢር ተወሰደ። ቃሉን ሲሰጥ መጀመሪያ የሚያምነው አልነበረም። ነገር ግን ምልክቱ ኤን 313 ፒ የሆነው ቦይንግ 737 በእነዚያው ቀናት በስፔን ፓልማ ላይ ታይቶ ፎቶግራፉ ተነሥቶ ነበር። ጋዜጠኞችና መርማሪዎች ቆጣሪዎች የመዘገቧቸውን እንዲህ ያሉ ምልክቶች ከበረራ መዝገብ ጋር እያስተያዩ የምሥጢሩን በረራ ፈለግ አገኙ፤ በዲሴምበር 2012ም የአውሮጳ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ለኤል ማስሪ ፈረደ። የጥበቃ ሹም ይህን ሲሰማ፣ መፍራታችን ትክክል ነበር ይል ይሆናል። እኛ ግን የምንጠይቀው፣ የሚፈራው ለመንገደኛው ነው ወይስ ለራሱ ብለን ነው።

የአገራችንን አየር መንገድ ታሪክ ያነበበ ሰው የኖቬምበር 23 ቀን 1996ን አደጋ ያስታውሳል። የተጠለፈው ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ያ አስጨናቂ ጊዜ እስከ ዛሬ የሚታየው በባሕሩ ዳር የነበረ አንድ አገር ጎብኚ በካሜራው ስላነሣው ነው። እርሱ ቆጣሪ አልነበረም፤ ሆኖም የተመልካች ዓይን ምን እንደሚያተርፍ ያሳያል።

ታዲያ ምን ዓይነት የመመልከቻ ስፍራ? የድሮው ኦርሊ ይመለስ አንልም፤ ከቆመ አይሮፕላን በላይ የተዘረጋና ፍተሻ የሌለው ሰገነት ዘመኑ አልፎበታል። ማንቸስተር ግን ከማኮብኮቢያው አጠገብ፣ ከተርሚናሉ ርቆ፣ የተከለለ የተመልካቾች መናፈሻ ሠርታ ከኮንኮርድ አይሮፕላኖች አንዱን በዚያ አቁማለች፤ ሰው ከፍሎ ይገባል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ይጎበኙበታል። በአሜሪካ ዳላስ ፎርት ወርዝ የመመልከቻ አደባባይ አለ። ማያሚ ከሁሉ ርካሹን ዘዴ አገኘች፤ የፎቶግራፍ ካሜራ የሚያስገባ ቀዳዳ በሽቦ አጥሩ ላይ ቆርጣ ሰዎቹ በአንድ በታወቀ ስፍራ እንዲቆሙ አደረገች። በቶኪዮ ሐኔዳ በሦስቱም ተርሚናሎች የመመልከቻ ሰገነት አለ፤ ጃፓን ደግሞ ስለ ጥበቃ ግድ የላትም የሚል ሰው የለም። ብዙ ሰገነቶች የተዘጉት በጥበቃ ስም ይሁን እንጂ፣ ከመመልከቻ ይልቅ ሱቅ የበለጠ ኪራይ የሚያስገባ መሆኑም ምክንያት ሳይሆን አልቀረም ብለን እንገምታለን።

የሂትሮው የንግሥቲቱ ሕንፃ በ2009 ፈረሰ፤ በስፍራው በ2014 አዲስ ተርሚናል ተከፈተ። እኛም አገር በቢሾፍቱ አካባቢ ታላቅ የአይሮፕላን ጣቢያ የመሥራት ዕቅድ ከተገለጠ ወዲህ ስለ ማኮብኮቢያዎቹ ብዛትና ስለሚያስተናግደው መንገደኛ ብዙ ተነግሯል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ለሚያየው የሰፈር ልጅ በንድፉ ላይ ስንት ካሬ ሜትር እንደ ተመደበለት ግን መሐንዲሶቹን የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማንም።