የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል መጠባበቂያ ባትሪ፦ አመራረጡና አያያዙ

በሺምሾን ሰፈርም ሆነ በሌላው የአሽቀሎን ክፍል የሌባ ደወል ያስገባ ቤተሰብ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። መብራት ሲጠፋ ደወሉ የሚሠራው በውስጡ ባለው ባትሪ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ጦርነት ሲነሳ ብዙ የአሽቀሎን ነዋሪዎች ቤታቸውን ዘግተው ወደ ዘመድ ሄደው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መብራት ቢቋረጥ ቤቱን የሚጠብቀው ያ ባትሪ ነው።

አመራረጥ

በሽቦ የተዘረጉ ብዙ ደወሎች 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ይይዛሉ። መብቃቱን ለማወቅ ደወሉ ሳይጮህ የሚወስደውን አምፔር በሰዓቱ ብዛት ማባዛት ነው። ሰንበትን እንውሰድ። ዓርብ ማታ ፊውዙ ቢወድቅና እስከ ቅዳሜ ማታ የሚያነሳው ባይኖር 25 ሰዓት ያህል ይሆናል። ደወሉ 0.2 አምፔር ቢወስድ 5 አምፔር-ሰዓት ይፈልጋል። ባትሪ ሲያረጅ አቅሙ ስለሚቀንስ ሩቡን ስንጨምርበት 6.25 ይሆናል፤ ባለ 7ቱ ይበቃል። 0.3 አምፔር የሚወስድ ከሆነ ግን ሩቡ ሳይጨመርም 7.5 ስለሚደርስ አይበቃም። ተለቅ ያለ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የደወሉ ቻርጀር ሊሞላው መቻሉን ቴክኒሻኑን ጠይቁ። ለሽቦ አልባ ደወል በመመሪያው የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ግዙ።

አያያዝ

1. የእርሳስ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። የተገጠመበትን ቀን በላዩ ላይ ጻፉ።
2. ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥራል። ሣጥኑ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አይሰቀል።
3. በዓመት አንድ ጊዜ ቴክኒሻኑ መብራቱን አጥፍቶ ይፈትነው። ከጥበቃ ድርጅት ጋር የተያያዘ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።
4. ያበጠ ወይም ፈሳሽ የሚያወጣ ባትሪ ሳይውል ሳያድር ይቀየር።
5. በውጭ ግድግዳ ያለው ጯሂ ብዙ ጊዜ የራሱ ባትሪ ስላለው እሱም ይታይ። ሮኬት ሲመጣ ወደ መጠለያ መሮጥ በለመደ ሰፈር ሌሊት ያለ ምክንያት የሚጮህ ደወል ጎረቤትን ያስደነግጣል።

እርሳስ መርዝ ስለሆነ አሮጌው ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም። ባትሪ ለሚሰበስቡ ይሰጥ።

በመጨረሻም ልጆችን እናሳስባለን። ዕብራይስጥ ለማያነቡ ወላጆቻችሁ የባትሪ ማለቅ ምልክቱንና ድምፁን አሳዩአቸው፤ ለማን እንደሚደውሉም በአማርኛ ጽፋችሁ ከደወሉ አጠገብ ለጥፉላቸው።