ጓዳ ወይስ ገበያ? የለንደን አከራዮችና የአፍሪካ ተማሪዎች

ላዲፖ ሶላንኬ ለሕግ ትምህርት ለንደን የገባ ናይጄሪያዊ ነበር። በ1929 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተሻገረ፤ ሦስት ዓመት ያህልም ከአገር አገር እየዞረ ገንዘብ ሲያሰባስብ ከረመ። ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ አልነበረም። በ1925 ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው የምዕራብ አፍሪካ ተማሪዎች ኅብረት፣ በአጭር ስሙ «ዋሱ»፣ ለንደን ውስጥ ተማሪ ገብቶ የሚያድርበት የራሱ ቤት እንዲኖረው ነው። ቤቱ በ1933 ካምደን ሮድ ላይ ተከፈተ። የሚከራይ ክፍል በየመንገዱ በሞላበት ከተማ ለአንድ ቤት ሲባል ባሕር ማቋረጥን ምን አመጣው?

የዩኒቨርሲቲዎቹ ማደሪያ ጥቂት ስለነበር ከሩቅ የመጣ ተማሪ የሚኖረው በአብዛኛው በሰው ቤት ነበር። ባሏ የሞተባት ወይም ልጆቿ አግብተው የወጡላት ሴት ትርፍ ክፍሏን ታከራያለች። ኪራዩ ብዙ ጊዜ ቁርስንና እራትን ይጨምራል፤ ክፍሉን የሚያሞቀው የጋዝ ምድጃ የሽልንግ ሳንቲም ሲጎርስ ይነዳል፣ የጎረሰው ሲያልቅ ይጠፋል። ክፍል መኖሩ የሚታወቀው የሰፈሩ ጋዜጣ ሻጭ መስኮት ላይ በምትለጠፍ ትንሽ ካርድ ነው። ጥቁሩ ተማሪ ከዋጋው በታች «ባለ ቀለም አንቀበልም» የሚል ያነባል። ካርዱ ዝም ካለም ደወሉን ደውሎ በሩ ሲከፈት «ይቅርታ፣ አሁን ገና ተያዘ» ይባላል። በ1954 ለትምህርት ሊድስ የገባው ናይጄሪያዊው ደራሲ ወሌ ሶይንካ ክፍል ፈላጊ ከአከራይ ጋር በስልክ የሚነጋገርበት ግጥም ጽፏል፤ አፍሪካዊ መሆኑን ሲነግራት ሴትዮዋ የምትጠይቀው ቆዳው ምን ያህል እንደሚጠቁር ነው።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የደግና የክፉ ሴትዮዎች ታሪክ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን የጠባይ ጉዳይ አይመስለኝም። ክፍሉ ለማከራየት ሲሆን ገበያ፣ ለመከልከል ሲሆን ደግሞ ጓዳ ይባል ነበር፤ ይህን መንታ ስም አከራይዋ ብቻዋን አላወጣችለትም፣ መንግሥትም ሕግም አብረዋት አወጡለት። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የተማሪው ማደሪያ የግል ጉዳይ አለመሆኑን ተረድቶ ነበር። ለንደን ላይ በር የተዘጋበት ወጣት ነገ አገሩ ገብቶ ምን እንደሚናገር አሳስቦታልና በ1934 ብሉምስበሪ አካባቢ አግሬይ ሀውስ የተባለ ማደሪያ እንዲከፈት ደገፈ። የዋሱ ሰዎች ቤቱን እንደ መጠለያ ሳይሆን እንደ መቆጣጠሪያ አይተው አደሙበት። ጥርጣሬያቸው ከንቱ አልነበረም። በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ኅብረቱ ከኢትዮጵያ ጎን ቆሞ ተቃውሞ ማሰማቱን ስናስብ፣ ሚኒስቴሩ ተማሪ ከተማሪ ጋር የሚያድርበትን ቤት በዓይነ ቁራኛ ቢያይ ምን ይገርማል? ከ1950 ጀምሮ ደግሞ የቅኝ ግዛት ተማሪዎችን ደኅንነት የመከታተሉ ሥራ ለብሪቲሽ ካውንስል ተሰጠ፤ ክፍል ማፈላለግም የዚያ ሥራ አካል ነበር። በሕግ ማንም የማይነካው ጓዳ መንግሥት ሥራውን በሰጠው ድርጅት ሲለመን ይውላል ማለት ነው።

ለአከራይዋ የሚሟገት ሰው አይጠፋም፤ ክርክሩም ተራ አይደለም። ድሃ ናት፤ ሌሎቹ ተከራዮች ጥለዋት ቢወጡ፣ ጎረቤት ቢያኮርፋት የምትበላው የላትም። እውነት ነው፣ «እኔስ ግድ የለኝም፣ ጎረቤቶቼ ግን» የምትለው ሰበብ በዘመኑ የተለመደች ነበረች። (አዲስ አበባም ደላላው «ላጤ አይፈልጉም» ሲል የማይፈልጉት እነማን እንደሆኑ ሳይናገር ነው።) ነገር ግን ያው ክፍል ለጥቁር ተከራይ በጨመረ ዋጋ የሚገኝበት ጊዜ ነበር፤ ጭማሪው «የቀለም ግብር» እስከ መባል ደርሷል። በጭማሪ የሚተው ፍርሃት እንግዲህ የገበያ ፍርሃት ነው። ሌላው ደግሞ ደጎቹን ይጠቅስልናል። በኋላ የጋና መሪ የሆነው ክዋሜ ንክሩማ በ1945 ለንደን ሲገባ ከብዙ በር ተመልሶ በመጨረሻ በርግሌይ ሮድ ላይ በሳምንት 30 ሽልንግ አንድ ክፍል አገኘ። የቱንም ያህል ቢያመሽ ምድጃ ውስጥ የተቀመጠለት ምግብ አያጣም ነበር፤ እሱም ውለታ ለመመለስ ያገኘውን የቆሸሸ ሳህን ሁሉ አጥቦ ይተኛል። በ1947 ለንደንን እስኪለቅ ድረስ ከዚያ ቤት አልወጣም። ደግነቱን አልክድም። ግን ያቺ ሳህን የምትታጠበው አንድ ሰው በየሰፈሩ ሲንከራተት ሰንብቶ በሩ ከተከፈተለት በኋላ ነው፤ አንድ ደግ ቤተሰብ ማግኘት ዕድል ነው፣ ማደሪያ ግን በዕድል የሚተው ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የሚከብደው «ቤቴ ነው፣ የምወደውን አስገባለሁ» የሚለው ክርክር ነው፤ የእንግሊዝ ሕግም ለረጅም ጊዜ አብሮት ቆሟል። ታዋቂው ጥቁር የክሪኬት ተጫዋች ሊሪ ኮንስታንታይን በ1943 ራስል አደባባይ ያለው ኢምፔሪያል ሆቴል ፊት ቢነሳው ከሶ በ1944 ረታ፤ ያስረታው እንግዳ ማረፊያ መንገደኛን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይመልስ የሚያስገድድ የቆየ ልማዳዊ ሕግ ነው። ትርፍ ክፍሏን በምታከራይ ሴት ላይ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረም። በ1965 የወጣው የዘር ግንኙነት ሕግ ሆቴልንና ምግብ ቤትን ነክቶ መኖሪያ ቤትን አለፈ። የ1968ቱ መኖሪያ ቤትንም ጨመረ፤ ሆኖም አከራዩ እዚያው የሚኖርበትንና ኩሽናን ወይም መታጠቢያ ቤትን የመሰለ ነገር ከተከራይ ጋር የሚጋራበትን ትንሽ ቤት ነፃ አወጣ። ብዙው ተማሪ ክፍል የሚፈልገው ደግሞ እዚያው ዓይነት ቤት ውስጥ ነበር። በዘርና በትውልድ አገር ለሚደረግ አድልዎ ይህ ከለላ የተነሣው በ2003 ነው፤ ያም የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ስላስገደደ።

ሕጉ ራሱ በዚህ ነገር ልቡ ለሁለት ተከፍሎ እንደነበር የሚያሳየው ስለ ማስታወቂያ የደነገገው ነው። ያው የ1968 ሕግ አድልዎን የሚያመለክት ማስታወቂያ ማውጣትን ከለከለ፤ ድርጊቱ ራሱ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ። ካርዱ ገበያ ነው፣ ኩሽናው ጓዳ ነው ማለቱ ነበር። ስለዚህ አከራይዋ በመስኮቱ መጻፍ የማትችለውን በደጃፏ መናገር ትችል ነበር፤ ተማሪውም ቀድሞ ከካርዱ ላይ አንብቦ ያልፍ የነበረውን ቃል ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ፣ ደወሉን ደውሎ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማው ጀመር።