መንገደኛው አድማጭ፦ በዳግላስ አዳምስ የራዲዮ ድራማ ውስጥ ያሉ ሁለት የጠፈር መርከቦች

የዳግላስ አዳምስ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» መጀመሪያ የተጻፈው ለጆሮ ነው። ቢቢሲ ራዲዮ 4 የመጀመሪያውን ክፍል ያስተላለፈው ማርች 8 ቀን 1978 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ልቦለዱ የታተመው በዓመቱ ነው። ስለ ደራሲው ሕይወት በቂ ተጽፏል። ጠቤ ራዲዮውን የመጽሐፉ ረቂቅ አድርጎ ከሚቆጥረው ንባብ ጋር ነው።

ይህ ንባብ በስድስተኛው ክፍል ያለችውን የጎልጋፍሪንቻም ፕላኔት መርከብ በቶሎ ይዘጋታል። ፕላኔቷ «አይረቡም» ያለቻቸውን ፀጉር ሠሪዎች፣ የኢንሹራንስ ሻጮችና የስልክ አጽጂዎች አታላ አሳፍራ አባረረቻቸው፤ ስለዚህ ፌዙ በሥራ ዓይነት ላይ ነው ይላል። ፌዝ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን 15 ሚሊዮኑ ተሳፋሪዎች በበረዶ እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ ድምፅ የላቸውም። የሚናገረው ከሦስት ዓመት በላይ ከመታጠቢያ ገንዳው ያልወጣው ካፒቴን ነው። ዴቪድ ጄሰን በረጋ፣ በደግ አንደበት ተጫውቶታል። መርከቧ ልትከሰከስ ተቀናብራ እየገሰገሰች ሰውዬው ስለ መጠጥ ያወራል። አደጋውን የምናውቀው ከእሱ አንደበት ብቻ ነው፤ የምናመሳክርበት መስኮት የለንም።

በጃንዋሪ 1980 በተላለፈው ሁለተኛ ዙር ነገሩ ይጠብቃል። አንዲት የመንገደኞች መርከብ በሎሚ የተነከረ የእጅ መጥረጊያ አልተጫነልኝም ብላ ከ900 ዓመት በላይ ከማረፊያዋ አልተነሳችም። ተሳፋሪዎቹ በየ10 ዓመቱ ለቡናና ለብስኩት ይቀሰቀሳሉ። ያሰራቸው በትሕትና የተሞላ የማሽን ማስታወቂያ ነው። ያ ማስታወቂያና የፒተር ጆንስ ትረካ ለአድማጩ ከአንድ ድምፅ ማጉያ ይወጣሉ። ስለዚህ አድማጩ ራሱ ወንበር ላይ ታስሮ የሚነገረውን የሚጠብቅ ተሳፋሪ ነው።

ትዕይንቱ በተከታዩ ልቦለድም አለ የሚል ይኖራል። አለ፤ አንባቢ ግን ገጹን ገልብጦ ያመልጣል።

ለእኔ ንባብ የሚበጀው ምንጭ ፕሮዲዩሰሩ ጄፍሪ ፐርኪንስ አርሞ በ1985 ያሳተመው የራዲዮ ጽሑፍ ነው። የድምፅ መመሪያው በንግግሩ መሀል ገብቷል፤ የፐርኪንስ ማስታወሻዎችም ተከትለዋል። ተንታኞች መጽሐፉን የሚገልጡት ለገጠመኝ ነው። በእርግጥ ከሁለት መርከብ ተነስቶ ስለ ጠቅላላ ሥራው መደምደም ያስቸግራል። ሆኖም በቢቢሲ ራዲዮፎኒክ ወርክሾፕ የተቀመረውን ድምፅ እንደ ጌጥ እያለፉ ስለ ካፒቴኑ መጻፍ፣ ካፒቴኑን ሳይሰሙ መጻፍ ነው።