ከአርባ ዓመት በኋላ ዱላ መምረጥ

ታኅሣሥ ሲጋመስ የፎገራ ሜዳ መልኩን ይለውጣል። ክረምቱን የርብና የጉማራ ወንዞች ከአፋቸው ገንፍለው ያለበሱት ውኃ ወደ ጣና ሸሽቶ፣ ጥቁሩ መሬት ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የገና ጨዋታ ወሬ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ልጆቹማ ምን ገዷቸው! ያገኙትን ቆልማማ እንጨት ይዘው ከበዓሉ ብዙ ቀን አስቀድመው ይሯሯጣሉ። ነገሩ የሚከብደው ዕድሜው አርባን ለተሻገረ፣ ወገቡ ደንደን ማለት ለጀመረ፣ ከስምንት ከአሥር ዓመት ወዲህ ዱላ ይዞ ሜዳ ላልገባ ሰው ነው። ዘንድሮስ እጫወታለሁ ብሎ የቆረጠ እንደ ሆነ፣ ሜዳውን ከመርገጡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ በየትኛው ዱላ?

ጥያቄው ተራ ይመስላል እንጂ ታሪክ አለው። ዱላ የክንድ ቅጥያ ነው፤ ክንዱ ሲለወጥ ዱላውም መለወጥ አለበት። በዱላ ኳስ የሚመቱ ሕዝቦች ሁሉ ይህን ደርሰውበታል፤ የደረሱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። በአንዱ አገር ፋብሪካ ደረሰበት፤ በእኛ አገር ደግሞ ዱር ገብቶ ከመቶ ቅርንጫፍ አንዱን የሚመርጥ ሰው ዓይን።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው። በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ ዱላውም በአንድ ስም ገና ይባላሉ። ቃሉ ልደት ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል እንደ መጣ ይነገራል። በትውፊት የሚነገረው ደግሞ የጌታን መወለድ የሰሙ እረኞች በያዙት በትር እየተጫወቱ ደስታቸውን ገለጡ የሚለው ነው። የሚመታው ሩር ወይም ጥንግ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ አለያም ከጠፍር የተጎነጎነ ነው። በገጠሩ ልማድ የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ መንደር ከመንደር፣ የላይ ቤት ከታች ቤት ይገጥማል። የሜዳው ድንበር ዓይን ያየው ጉብታ ወይም ወንዝ ሊሆን ይችላል። በዚህ ግርግር ውስጥ የሚገባ ጎልማሳ የሚያሰጋው መሸነፍ አይደለም። ቅልጥሙ ነው፤ ዓይኑ ነው፤ ከበዓሉ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ነው። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ጎረምሳ የተመታ እግሩን አሽቶ ይነሣል። የአምስት ልጆች አባት ግን ጉልበቱ ቢወልቅ ሰብሉን የሚወቃለት ማን ነው? ስለዚህ ዱላ መምረጥ ለእርሱ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

ጥሩ የገና ዱላ ሁለት ነገር ያሻዋል፤ ጠንካራ እንጨትና የተፈጥሮ ቆልማማነት። ወይራ ከባድና ድፍን ነው፤ ሩር ሲመታ አይላላም፣ ጫፉም አይፈለጥም። ክትክታም ጽኑ ስለ ሆነ ለመሣሪያ እጀታ የሚመረጥ ነው። ዋንዛ ለበርና ለሣጥን የተመቸ ልዝብ እንጨት እንጂ ጠንካራ ሩር ላይ የሚሰነዘር አይደለም። ቅርጹን በተመለከተ፣ ቀጥ ያለ እርጥብ እንጨት በእሳት አሙቆ ማጉበጥ ይቻላል፤ ይሁንና ከቅርንጫፍነቱ ጀምሮ ጎብጦ ያደገውን የሚያህል የለም። ምክንያቱ በእንጨቱ ሥር ነው። ጎብጦ ያደገ እንጨት ሥሩ ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ይዞራል። ከወፍራም ግንድ ላይ በመጥረቢያ ጠርቦ የወጣ ቆልማማ ግን ሥሩ ጉብጠቱ ላይ ስለሚቆረጥ፣ ከጥቂት ምት በኋላ ከዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ይህን የእኛ ሰው ብቻ አይደለም የሚያውቀው። አየርላንዶች ኸርሊንግ የሚሉት ጥንታዊ የዱላ ጨዋታ አላቸው። ዱላውን የሚሠሩት አሽ ከተባለ ዛፍ ነው፤ ከግንዱም የሚፈልጉት ከመሬት አጠገብ ያለውን፣ ግንዱ ወደ ሥር ሲሰፋ የሚጎብጠውን አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ምክንያታቸው ከላይ የተባለው ነው፤ እንጨቱ ከቅርጹ ጋር እንዲዞር። በነገራችን ላይ አሽና ወይራ በሥነ ዕፀዋት አመዳደብ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ለአንድ ዓይነት ሥራ ዘመዳም ዛፎችን መምረጣቸው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለኝም።

ታዲያ ወደ ጨዋታ የሚመለሰው ጎልማሳ የትኛውን ይያዝ? ብዙው ሰው የሚያደርገው የጎረምሳነት ዱላውን ከጣራው ሥር ማውረድ ነው። ያ ዱላ ደግሞ ጎረምሳ የመረጠው ነው፤ ከባድ ወይራ፣ ጫፉ ቡጥ ያለ፣ ሩሩን ከአንድ ዳር ወደ ሌላው የሚልክ። ጫፉ የከበደ ዱላ ኃይል የሚሰጠው ለሚያፈጥነው ክንድ ነው። ክንዱ የዘገየ እንደ ሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ዱላው ሲደርስ ሩሩ አልፏል፤ የሚመታውም የሌላ ሰው ቁርጭምጭሚት ይሆናል። ቀለል ያለ ዱላ ምቱ ቢያጥርም በጊዜው ይደርሳል። ርዝመቱም ቢሆን እንዲሁ ነው። አጭር ዱላ ወገብን ያጎብጣል፤ ወገቡ የማይታዘዘው ሰው ትንሽ ረዘም ያለ ቢይዝ ቀና ብሎ ይሮጣል፣ ቀና ብሎም ያያል። ቆልማማው ሰፋ ያለ ሲሆን ደግሞ ሩሩ ጥቂት ቢስተውም አያመልጠውም። የሩቅ ምት ለጎረምሳ፣ ሩሩን ጠልፎ አስቁሞ ለወገን ማቀበል ለጎልማሳ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህን ሁሉ በእንጨት ያልነውን ስኮትላንዶች በብረት አሉት። ጎልፍ በአገራቸው የቆየ ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ወጣቱን ከቀስት ልምምድ አዘናጋብን ብሎ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ብዙዎቹ የጥንት የጎልፍ ዱላዎች ራሳቸው እንጨት ነበር። ብረት የሚጠቀሙት ኳሱ ከጋሪ ጎማ ቦይ ወይም ከድንጋይ መካከል ሲገባ ነው፤ ኳሱ በቆዳ ውስጥ ላባ የታጨቀበት ስለ ነበር ብረት ይቀደው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1848 አካባቢ ጉታ ፔርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራ ርካሽና ጠንካራ ኳስ ሲመጣ የብረቱ ዘመን ተከፈተ። ብረቶቹን የሠሩት እንደ እኛዎቹ ማረሻ የሚቀጠቅጡ የመንደር አንጥረኞች ናቸው። እያንዳንዱ ብረት የየራሱ ስም ነበረው፤ ከጊዜ በኋላ ስሙ ቀርቶ ቁጥር ተተካ። የእንጨቱ ዘንግም በአረብ ብረት ተተካ፤ በሴንት አንድሩስ የሚገኘው፣ ያን ጊዜ የጨዋታው ሕግ አውጪ የነበረው ክለብ ይህን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ዱላው በዛና አንዱ ተጫዋች ሃያ፣ ሌላው ሠላሳ እየተሸከመ መምጣት ሲጀምር፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከ14 በላይ አይፈቀድም ተባለ።

እስከዚህ ድረስ ብረቱ የጎበዝ ብረት ነበር። እንደ ምላጭ የሳሳ፣ ክብደቱ መካከሉ ላይ የተከማቸ ነው። መካከሉን ላገኘ ሰው ምቱ ማር ነው፤ ግማሽ ጣት ለሳተ ግን ራሱ በእጁ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ ኳሱ ጥሻ ይገባል፣ ክርኑም ይነዝረዋል። ይህን ነገር የለወጠው የጨዋታው ጀግና አለመሆኑ ነው የሚያስገርመው። ካርስተን ሶልሃይም እ.ኤ.አ. በ1911 በኖርዌይ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ ጫማ ሰፊ የነበረ፣ ኋላም በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው። ጎልፍ የጀመረው በ42 ዓመቱ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ና ብለውት ነው። እንደ ጀማሪ ሁሉ ይስታል። ሌላው ሰው ሲስት ክንዱን ይወቅሳል፤ መሐንዲሱ ግን ዱላውን ወቀሰ። ክብደቱን ከመካከል ወደ ዳርና ዳር ቢያወጡት ራሱ እንደማይጠመዘዝ አሰበ። ረጅም እንጨት ተሸክሞ በገመድ ላይ የሚሄድ የሰርከስ ተጫዋች ሚዛኑን የሚጠብቅበት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በቤቱ ጋራዥ የመጀመሪያውን አጭር መግፊያ ዱላ ሠራ፤ ሲመታ በሚያሰማው ድምፅም ፒንግ ብሎ ሰየመው። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሐሳብ ወደ ብረቶቹ አመጣው። ጀርባቸው የተቦረቦረ፣ ክብደታቸው ዙሪያቸውን የያዘ ብረቶች ከዚያ ወዲህ ዓለምን ሞሉ።

በሌላ አነጋገር፣ ለጎልማሳ የሚመቸውን ብረት ያስገኘው በጎልማሳነቱ ጨዋታ የጀመረ ሰው ነው። ዛሬ ከዓመታት በኋላ ወደ ጎልፍ የሚመለስ የሃምሳ ዓመት ሰው ሱቅ ቢገባ ምርጫው ከሞላ ጎደል ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ጀርባው የተቦረቦረ ራስ፤ መሬት ቢነካ የማይሰምጥ ሰፊ መቀመጫ፤ ቀለል ያለና ለዘገየ ክንድ የሚለመጥ የካርቦን ዘንግ። ለመምታት የሚያስቸግሩት ሦስትና አራት ቁጥር ብረቶች ከነጭራሹ ወጥተው፣ ግማሽ እንጨት ግማሽ ብረት በሚመስል ድቅል ዱላ ተተክተዋል። ነጋዴም መቼም ነጋዴ ነው፤ የዛሬው ሰባት ቁጥር ብረት ፊቱ እንደ ድሮው አምስት ወይም ስድስት ቁጥር ቀና ያለ ነው። ተመላሹ ጎልማሳ በሰባት ቁጥር ሲመታ ኳሱ ከጎረምሳነት ዘመኑ ርቆ ይሄድለትና ዕድሜው የታደሰለት ይመስለዋል። የታደሰው ቁጥሩ ነው።

ጎልፍ በአገራችንም ጨርሶ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ መጫወቻው አለ። ነገር ግን የእኛ ጉዳይ ከዚያ አጥር ውጭ ነው። በጎልፍ ዱላውን የመምረጥ ዕውቀት ከተጫዋቹ ወጥቶ ወደ ፋብሪካው ገብቷል፤ ተጫዋቹ ቢረሳው እንኳ ብረቱ ያስታውስለታል። በገና ግን ዕውቀቱ የሚቀመጥበት ሌላ ዕቃ የለም። የቱ ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥ፣ እስኪደርቅ የት እንደሚቀመጥ፣ ለየትኛው ክንድ የትኛው እንደሚመች የሚያውቀው ዱላ መርጦ የተጫወተ ሰው ነው። ጎልማሳው ሜዳውን ሲተው ከእርሱ ጋር የሚቀረው ጉልበቱ ብቻ አይደለም። ልጁ ዱላ የሚለምደው ከእኩያው ይሆናል፤ እኩያው ደግሞ የሚያውቀው ስለ ራሱ ክንድ ብቻ ነው።

ፎገራን ለዚህ ምሳሌ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሜዳው የታወቀው በላሙ ነበር፤ የፎገራ ከብት የሚባለው በግዙፍነቱና በገራምነቱ የተመሰከረለት ዝርያ ያደገው በዚህ ውኃ በሚተኛበት ግጦሽ ላይ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት ሩዝ ተሞከረ። ሩዝ ውኃ የተኛበትን መሬት ይወዳልና፣ የከብቱ የነበረው መስክ ከዓመት ወደ ዓመት ማሳ ሆነ። ወረታም የሩዝ ገበያና የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆነች። ይህ ለገበሬው ሲሳይ ነው፤ በእርሱ የሚያዝን ሰው የጠገበ መሆን አለበት። ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል፣ ውኃ የደረሰለትም ሽንኩርት ይተክላል። ለገና ሩር የሚሆን ባዶ መስክ ግን በታኅሣሥ እንደ ድሮው ተዘርግቶ አይጠብቅም።

ዱላውም እንዲሁ ነው። ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ዛፍ አያበዛም፤ እንጨቱ የሚገኘው ከፍ ካለው አገር፣ ጉማራን ተሻግሮ በአንበሳሜ በኩል ካለው የደራ መሬት ወይም ወደ ደብረ ታቦር ከሚወጣው ከፋርጣ በኩል ነው። በዚያም ቢሆን የቀረው አሮጌ ወይራ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ነው፤ እርሱ ደግሞ ለጨዋታ ተብሎ አይቆረጥም። ከቅጥሩ ውጭ በየቦታው የቆመው ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ለቤት ምሰሶውና ለማገዶ ባለውለታችን የሆነው ይህ ዛፍ አንድ ነገር ብቻ አያውቅም፤ መጉበጥ። የገና ዱላ ከባሕር ዛፍ ይውጣ ቢባል በእሳት ሊያጎብጡት ነው፤ በእሳት የጎበጠ ደግሞ ውሎ ሲያድር መቃናት ይፈልጋል።

አየርላንዶችም ተመሳሳይ ጭንቅ ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሽን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ አገራቸው መግባቱ ከታወቀ ወዲህ ዱላ ሠሪዎቹ ከውጭ እንጨት ወደ ማስመጣት፣ ከቀርከሃና ከሰው ሠራሽ ቁስ ወደ መሞከር ሄደዋል። በእኛ በኩል የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣና ከቀስት ጋር በየዓመቱ ያወዳድራል። ሜዳው ተለክቶ፣ ተጫዋቹ ተቆጥሮ፣ ዳኛ ተሹሞለት ማየት ደስ ይላል። ውድድር ግን በባሕርዩ የወጣት ነው፤ የሃምሳ ዓመቱን ሰው ከተመልካች ወንበር አያስነሣውም። እርሱን የሚያስነሣው የመንደሩ ግጥሚያ ነው፤ ዳኛ የሌለው፣ ቁጥር የሌለው፣ አባትና ልጅ በአንድ ወገን የሚሰለፉበት።

ለዚህ ግጥሚያ ዱላ የሚፈለገው በታኅሣሥ አይደለም። ቅርንጫፉ ታይቶ የሚቆረጠው ቀደም ብሎ፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። እርጥቡ እንጨት ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ላይ ወይም ጭስ በሚደርስበት ጣራ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። በጥቅምት ከማሳው ሲመለስ ከመንገድ ዳር የበቀለ የክትክታ ቁጥቋጦ ላይ ዓይኑን የሚያሳርፍ፣ አንዱን ቅርንጫፍ ይዞ ጎንበስ ቀና እያደረገ ክብደቱን የሚገምት ጎልማሳ ካያችሁ፣ ስለ ማገዶ እያሰበ እንዳይመስላችሁ።