ቢሾፍቱን በአንድ ቀን፣ በትንሽ ብር

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ደርሶ መልስ ትመቻለች። መነሻው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው። ታሪፉን ሳትሳፈሩ ጠይቁ፤ መሃል መንገድ ላይ ከረዳት ጋር መጨቃጨቅ ቀን ያበላሻል።

ኪስ የሚያራቁተው ትራንስፖርቱ ሳይሆን ሪዞርቱ ነው። ሐይቅ ለማየት ግን ሪዞርት መግባት ግዴታ አይደለም። ቢሾፍቱ ሐይቅ የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከከተማው መሃል በእግር ይደረሳል፣ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ይታያል። ሆራ ትንሽ ይርቃል፤ ከደከማችሁ ባጃጅ አለ። ምሳ ቋጥራችሁ ብትሄዱማ ሌላ ወጪ የለም ማለት ይቻላል።

የመመለሻውን ብር ጠዋት ለይታችሁ አስቀምጡ። እሁድ ማታ ሰልፉ ሲረዝም የኮንትራት ዋጋ የቀኑን ወጪ በሙሉ ሊበልጥ ይችላል። እኛ ከ10 ሰዓት በፊት ተሳፈሩ እንላለን። ከመስቀል በኋላ ያለውን የኢሬቻ እሁድ ደግሞ ለሽርሽር አትምረጡት፤ መንገዱም ከተማውም ይሞላል።