ጨሌና ብይ፤ የአውሮፓ መስታወት በጎጃም ገበያ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር፣ ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፈ የጨሌ ክር ሲፈታ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ባለመስመር ፍሬ ተቀላቅሎ ይፈሳል። የጨሌው ባለቤት እናቷ እንዳሠረችላት ታስታውሳለች፤ ፍሬው ከየት እንደ መጣ የሚናገረው ግን ራሱ መስታወቱ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የመስታወት ዶቃ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የንግድ ዕቃም ነበር። ከቬኒስ ተነሥቶ በምፅዋ ወደብ ከገባ በኋላ፣ በነጋዴዎች ጭነት ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በጎጃም ደግሞ የባሶና የቡሬ ገበያዎች ዓባይን ከሚሻገረው ንግድ ጋር መገናኛ ነበሩ። ከ1841 እስከ 1843 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጎጃምና በዳሞት የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለ ባሶ ገበያ ጽፏል። ከወንዙ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣ ነበር፤ ሰውም ለባርነት ይሸጥ ነበር። የጨሌን ውበት የሚያደንቅ ሁሉ ይህን መርሳት የለበትም።

አሠራሩን ለመለየት የእጅ ማጉሊያ መነጽር ይበቃል። የቬኒስ ሠራተኞች ውስጡ ክፍት የሆነ የጋለ መስታወት በሁለት ወገን ይዘው እየሮጡ በአሥር የሚቆጠሩ ሜትሮች ያህል ይስቡት ነበር፤ የቀጠነው ዘንግ ከቀዘቀዘ በኋላ ይከተፋል። በዚህ መንገድ በተሠራ ዶቃ ውስጥ የሚታዩት የአየር አረፋዎች ከቀዳዳው ጋር ትይዩ ሆነው የረዘሙ ናቸው። በብረት ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ የተሠራ ከሆነ ግን አረፋውም መስመሩም ቀዳዳውን ይዞራል። ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ የሆነው ፍሬ በተለይ ሊደነቅ ይገባዋል፤ ስስ የሆነው ቀይ ንብርብር በነጩ ላይ ስላረፈ ይደምቃል፣ ውድ የሆነውንም ቀለም ይቆጥባል። ሰማያዊው ቀለም የኮባልት ሥራ ነው።

የልጆች ብይም የዚሁ ጥበብ ዘመድ ነው። በጀርመን አገር በቱሪንጂያ የምትገኘው ላውሻ የመጀመሪያው የመስታወት ምድጃዋ የተተከለው በ1597 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በ1840ዎቹ ውስጥ ብይ መቁረጫ መቀስ ተሠርቶባታል። ሠራተኛው ባለቀለም መስመሮችን በጥርት መስታወት ለብጦ፣ ዘንጉን እያሾረ ይስብና በመቀሱ ይቆርጠዋል። በመሾሩ ምክንያት መስመሮቹ እንደ ገመድ ይጠመዘዛሉ፤ ከዘንጉ የተቆረጠበት ቦታም ጠባሳ ይተዋል። ሰብሳቢዎች ዛሬ ጠባሳውን የሚፈልጉት ጉድለት ስለሆነ አይደለም፤ የሰው እጅ ምልክት ስለሆነ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ አገር በአክረን ከተማ የማርቲን ክሪስተንሰን መኪና ብይን ጎድጓዳ መስመር ባላቸው ተሽከርካሪዎች መካከል እያንከባለለ ማውጣት ሲጀምር ጠባሳው ጠፋ። የአንደኛው ዓለም ጦርነትም የጀርመንን ብይ ከገበያ አስወጣው። እንደ ድመት ዓይን ያለ ስንጥቅ ቀለም በውስጡ የሚታየው ብይ የመኪና ሥራ ነው። (ከጋራዥ የተጣለ የኩሽኔታ ጥይት ያገኘ ልጅ ግን ለመስታወቱ ብዙም ደንታ የለውም።)

ብይ ቢጠፋ የሚያለቅሰው ልጅ ነው። የጨሌው ነገር ከዚህ የከበደ ነው። ጨሌ ከዛርና ከውቃቢ ልማድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ልማዱን የተወ ቤተሰብ ይጥለዋል ወይም ያቃጥለዋል። ይህ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ውሳኔውም የባለቤቱ ነው። ያልተጣለውን ደግሞ ነጋዴ ገዝቶ ክሩን ይበጥስና ፍሬውን በቀለም እየለየ ለውጭ ሰብሳቢ ይሸጠዋል። በዚህ ጊዜ የትኛው ፍሬ ከየትኛው ጋር፣ በየትኛው ቀበሌ እንደ ተሰካ የሚያስረዳው ነገር ያከትማል። ከመበጠሱ ወይም ከመቃጠሉ በፊት ከሚዛንና ከመለኪያ ጋር ፎቶግራፍ ማንሣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መስታወቱ እሳት ውስጥ ገብቶ ሙቀቱ ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይለሰልሳል። ኮባልቱ ሰማያዊነቱን አይለቅም፤ ቀዳዳው ግን ይደፈናል፣ የረዘሙት አረፋዎችም ድቡልቡል ይሆናሉ።